የለገዳዲ የውኃ አባት

ተረት ተረት።

ይህ ተረት የሩቅ ዘመን ተረት አይደለም። ቦታው ለገዳዲ ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወንዙ ተገድቦ የከተማዋን ጉሮሮ ማራስ ከጀመረበት ሰፊ ውኃ ዳር። በዚያ ውኃ ዙሪያ የሚሰበሰቡ እንስሳት አንድ ሸንጎ ነበራቸው። የሸንጎው አባላት የለገዳዲ ተወላጆች ብቻ አልነበሩም። በሰበታ በኩል ከወጨጫ ተራራና ከሱባ ደን የወረዱ ነበሩበት፤ ከቡራዩ የገፈርሳን ግድብ ለምደው ያደጉ ነበሩበት፤ ከሱሉልታ ረግረግና ከድርቆሽ ሜዳው የመጡም ነበሩበት። በጋው ሲበረታ፣ ምንጩም ኩሬውም ሲነጥፍ፣ ሁሉም ወደ ለገዳዲ ይጎርፋል። ሲቆጠሩ 21 ወገን ነበሩ። እያንዳንዱም ወገን በሸንጎው አንድ ድምፅ ነበረው።

ውኃ ባለበት ጠብ አይጠፋም። ማን ቀድሞ ይጠጣ? ግልገል ያስከተለች እናት በየትኛው በር ትግባ? ሌሊት የሚጠጣውና ቀን የሚጠጣው እንዴት ይለይ? በመስኖ የሚያለማ ገበሬ የውኃ አባት ሾሞ ውኃውን በተራ እንደሚካፈል እንስሳቱ አይተው ነበር። ስለዚህ እነርሱም የውኃ አባት ለመሾም ተስማሙ። ሹመቱም ከመስቀል እስከ መስቀል እንዲሆን ቆረጡ።

በመጀመሪያው ዓመት ሦስት እጩዎች ቀረቡ፤ አያ ጅቦ፣ አያ ፈረስና አያ በሬ። ሥርዓቱ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ወገን አንዲት ጠጠር ይዞ ይመጣል፤ ከመረጠው እጩ ፊት ይጥላል፤ ብዙ ጠጠር የተከመረለት ይሾማል።

ጠጠሩ ተቆጠረ። ጅብ 8፣ ፈረስ 7፣ በሬ 6 ሆነ።

8ቱ የጅብ ጠጠሮች የእነማን እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። ጅቦቹ ራሳቸው፣ ከእነርሱም ማዕድ የተረፈውን የሚለቃቅሙት ቀበሮዎች፣ ቁራዎችና ጆፌ አሞራዎች የጣሏቸው ናቸው። ከየሰፈሩ የተውጣጡ ነበሩ እንጂ ከአንድ አገር የመጡ አልነበሩም። የቀሩት 13 ወገኖች ግን ሣርና ቅጠል በል ናቸው። አንዳቸውም ጅብን አልፈለጉም። የጋማ ከብቱና ባልንጀሮቹ ለፈረስ፣ የቀንድ ከብቱና ባልንጀሮቹ ለበሬ ጣሉና ተከፋፈሉ። 13ቱ ያልፈለጉት በ8ቱ ተሾመ።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። በለገዳዲ ግን በሚያውቁት አገር ቁርበት ተነጠፈለት። ቁርበቱም የተነጠፈው ወደ ውኃው በሚያስገባው በዋናው ዳገት ላይ ነበር። አያ ጅቦ እዚያ ተጋድሞ ማን እንደሚያልፍና ማን እንደማያልፍ ወሰነ። ጠዋት ጠዋት ከበጎቹ አንድ ይጎድላል። የሱሉልታ ዝይዎች አቤት እንበል ሲባሉ፣ «እኛ ክንፍ አለን፤ አህያም የለን ከጅብም አንጣላ» ብለው ወደ ረግረጋቸው በረሩ። ፈረስና በሬ ደግሞ ጅብን ትተው እርስ በርስ ተያያዙ።

«አንተ ባትወዳደር ኖሮ 6ቱ ጠጠር የእኔ ነበር» አለ ፈረስ።

«አንተ ባትወዳደር ኖሮ 7ቱ የእኔ ነበር» አለ በሬ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ሁለቱም ተኮራርፈው በሚቀጥለው ዓመት እንደማይወዳደሩ ማሉ።

መስቀል መጣ። ከሱባ ደን የመጣችው እመት ጦጢት በሸንጎው መካከል ቆመች። «ጥፋቱ የአንዷ ጠጠር ነው» አለች። «አንድ ጠጠር ያለው መራጭ የሚናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው። እኔን ግን ጠይቁኝ፤ ከሁሉ ማንን እንደማስቀድም፣ እርሱ ካልሆነ ማንን፣ በመጨረሻም ማንን እንደማስከትል አውቃለሁ። ለየእጩው አንድ አንድ ድንጋይ ይሰየም። መራጩ ድንጋዮቹን በተርታ ይደርድር። ከዚያ እጩዎቹን ሁለት ሁለት እያደረግን እናስተያይ። ሌሎቹን ሁሉ አንድ በአንድ የሚረታ ይሾም።»

ነገሩ ማለፊያ ነበር። በባሕር ማዶም ኮንዶርሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ በ1785 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ ይኸው ነው። ሸንጎው ተቀበለ። ችግሩ ግን ፈረስና በሬ እንደማሉ መቅረታቸው ነበር። ለውድድር የቀረቡት አያ ጅቦ፣ አያ ቀበሮና ቁራ ብቻ ነበሩ።

13ቱ ሣር በሎች ድንጋዮቹን ከፊታቸው አስቀምጠው ረጅም ጊዜ ተከዙ። መደርደር ግዴታ ነው። የቀበሮ አፍ ከጅብ አፍ ያንሳል ብለው ቀበሮን ፊት አደረጉ፤ ቁራን አስከተሉ፤ ጅብን መጨረሻ አኖሩ። 8ቱ ደግሞ ጅብን፣ ቀጥሎ ቀበሮን፣ ቀጥሎ ቁራን ደረደሩ። ቀበሮ ጅብን 13 ለ8 ረታ። ቁራን 21 ለ0 ረታ።

ቀበሮ በማግሥቱ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ «13 ወገን ፊተኛ አድርጎኛል!» ብሎ አወጀ። በዚህ ስም ግልገሎቹን አንድ በአንድ ወሰደ። አንዲት በግ ድፍረት አግኝታ፣ «እኛኮ አንተን ፈልገን አይደለም፤ ከጅብ ትሻላለህ ብለን ነው» ብትለው፣ «ድንጋይሽ ፊተኛው ቦታ ላይ ነበር፤ ድንጋይሽ የተናገረውን አንቺ ልትሽሪው ነው?» አላት።

በጓ መልስ አጣች። ድንጋዮቹ ማን ከማን እንደሚቀድም ተናግረዋል። ከተደረደሩት ውስጥ አንዱም እንደማይፈለግ የሚናገሩበት መንገድ ግን አልነበራቸውም። ረድፍ ሲሠራ አንዱ የግድ ፊተኛ ይሆናል፤ ፊተኛ መሆኑ ግን የተፈቀደለት አያደርገውም።

ሦስተኛው መስቀል ሲደርስ ፈረስና በሬ ስለ መሐላቸው ንስሐ ገብተው ተመለሱ። ጅብም ቀረበ። አራተኛ እጩ እመት ዔሊ ሆነች። በዚህ ጊዜ የተናገረው ጉሬዛ ነበር። «የጦጢት ረድፍ ጉድ አደረገን» አለ። «ነገሩን አናክብደው። እያንዳንዱ ወገን ‹ይህ ቢሾም ይሁንልኝ› ለሚለው እጩ ሁሉ አንድ አንድ ጠጠር ይጣል። ለአንዱም ይሁን፣ ለሁለቱም ይሁን፣ ለሦስቱም ይሁን። የማይፈልገውን ይለፈው። ብዙ ይሁንታ ያገኘ ይሾም።»

ይህም ማለፊያ ነበር። ማንም በማንም ድምፅ ላይ አይሻማም። ፈረስን የሚወድ በሬንም ይሁንልኝ ማለት ይችላል። ጠጠሩ ተቆጠረ። ጅብ 8፣ ፈረስ 13፣ በሬ 13፣ ዔሊ 14 አገኙ። ዔሊ ተሾመች።

የዔሊ ዓመት የደም ዓመት አልነበረም፤ የፍትሕ ዓመትም አልነበረም። በላይኛው ዳር ጠብ ተነሥቶ ሲጠሯት ተነሥታ ትሄዳለች፤ ስትደርስ ደካማው ተገፍቶ፣ ብርቱው ጠጥቶ ሄዷል። ከጅብ ወገን የመጡት 8ቱ ይሁንታ የሰጧትም ስለዚሁ ነበር፤ አትደርስብንም ብለው። ከሣር በሎቹ 6ቱ ደግሞ፣ ክፋት የለባትም ብለው አከሉላት። ከ13ቱ ሣር በሎች እያንዳንዳቸው ግን ፈረስንም በሬንም ከእርሷ ያስቀድሙ ነበር። ይህን የጠየቃቸው አልነበረም። ጠጠሩ ሁሉ እኩል ነውና፣ የልብ ወዳጅም ለክፉ የማይሰጥ ጎረቤትም በአንድ ሚዛን ተመዘኑ።

ዔሊ ራሷ ይህን ተረዳች። በጥር አንድ ቀን በሸንጎው ፊት፣ «እኔን የሾማችሁኝ ስለምትፈልጉኝ አይደለም፤ ስለማትፈሩኝ ነው» አለች። «ዓመቴን እፈጽማለሁ። በሚቀጥለው ግን የልባችሁን የሚሰማ ሥርዓት ፈልጉ።»

በዚያው ዓመት በየካቲት አንዲት እርግብ ከአዲስ አበባ በርራ መጣች። ጎጆዋ በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ክፈፍ ላይ ነበር። እንስሳቱም ከበቧትና የከተማውን ወሬ ጠየቋት።

«የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የኅብረቱን ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሲመርጡ ከላይ ሆኜ አየሁ» አለች እርግብ። «ሦስት እጩዎች ነበሩ፤ የኬንያው ራይላ ኦዲንጋ፣ የጅቡቲው ማሕሙድ አሊ ዩሱፍና የማዳጋስካሩ ሪቻርድ ራንድሪያማንድራቶ። ለመመረጥ ከሦስቱ እጅ ሁለቱን እጅ ድምፅ ማግኘት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ዙር ራይላ 20፣ ማሕሙድ 18፣ ሪቻርድ 10 አገኙ። ማንም አልሞላም። ደገሙ፤ ሠለሱ። ከሦስተኛው ዙር በኋላ የማዳጋስካሩ ወጡ። ሁለቱ ቀርተው እንደገና እስከ ስድስተኛው ዙር ተፋለሙ፤ አሁንም ማንም አልሞላም። ከዚያ ዝቅተኛ ድምፅ ያገኙት ራይላ ወጡ። በሰባተኛው ዙር ማሕሙድ ብቻቸውን ለመራጮቹ ቀረቡ፤ 33 ድምፅ አገኙና ተመረጡ።»

«ብቻቸውን ከቀረቡ ለምን ድምፅ አስፈለገ?» አለ ፈረስ። «ተቀናቃኝ የለባቸው።»

በዚህ ጊዜ ከኋላ የቆመች አንዲት አሮጊት አህያ ጆሮዋን አቀናች። ዕድሜዋን ሙሉ ከምንጭ ቤት፣ ከቤት ምንጭ ውኃ ስትጭን የኖረች ናት። ጀርባዋ ላይ የጄሪካኑ ገመድ የበላው ጠባሳ ይታያል። በሸንጎው ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም፤ የጠየቃትም አልነበረም።

«ትልቁ ነገር እዚያ ላይ ነው፣ ልጄ» አለች ለፈረስ። «በስድስቱ ዙር የተጠየቀው ‹ከማን ማን ይሻላል?› የሚለው ነው። በሰባተኛው የተጠየቀው ‹ይህ ሰው ይሁንላችሁ?› የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ያለፈ ሁለተኛውንም ማለፍ ነበረበት። በዚያ ዙር ባይሞላላቸው ኖሮ ብቻቸውን ስለቀሩ ብቻ አይሾሙም ነበር። እኛ ግን ጦጢት የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ጠየቀችን፤ ጉሬዛ ሁለተኛውን ብቻ ጠየቀን። ሁለቱም አልተሳሳቱም። እያንዳንዳቸው ግማሹን ጠየቁ፤ እኛም ግማሹን መለስን።»

ሸንጎው ጸጥ አለ።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ስሰማ ነው ያደግሁት» አለች አህዪት። «እውነት ነው፤ የእኔም ባል አላስጣለኝም፤ እርሱንም ጅብ በላው። ባል ካላስጣለ ወገን ያስጥላል ብዬ ስጠብቅ ወገኔ ከበሬ ወገን ጋር ተከፋፍሎ ጅብን ሾመብኝ። ከዚያ ወዲህ የሚያስጥል ነገር ካለ ሕግ ነው ብዬ አስባለሁ። ሰባት ጊዜ መመላለስ ለሩቅ አገር መልእክተኛ ይሆናል፤ እኛ ግን ውኃ የሚጠብቁ ጠቦቶች አሉን። ሁለቱን ጥያቄ በአንድ ጊዜ መጠየቅ ይቻላል። ኑ፣ ላሳያችሁ።»

ወደ ውኃው ዳር ይዛቸው ወረደች። በበጋው ውኃው ሸሽቶ ነበርና ጭቃው ደርቆ እንደ ሰሌዳ ተሰነጣጥቋል። አራት ድንጋዮች በአፏ ለቀመች። ጥቁሩን ለጅብ፣ ነጩን ለፈረስ፣ ቀዩን ለበሬ፣ አመድማውን ለዔሊ ሰየመች። በጭቃው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ በተርታ አኖረቻቸው፤ ነጭ፣ ቀይ፣ አመድማ፣ ጥቁር። ከዚያ ከባሕር ዛፍ ሥር አንዲት ደረቅ ጭራሮ አነሣችና ከቀዩና ከአመድማው መካከል አጋደመቻት።

«ይህ የአንድ መራጭ ድምፅ ነው» አለች። «ፈረስን ያስቀድማል፤ ካልሆነ በሬን፤ ካልሆነ ዔሊን፤ ጅብን መጨረሻ። ጭራሮዋ ድንበር ናት። ከጭራሮዋ ወዲህ ያሉት ‹ይሁኑልኝ› ያላቸው ናቸው። ከጭራሮዋ ወዲያ ያሉት ‹አይሁኑብኝ› ያላቸው ናቸው። ሌላው መራጭ ይህንኑ ተርታ ደርድሮ ጭራሮውን ከዔሊ በኋላ ቢያጋድም መብቱ ነው። ሦስተኛው ሁሉንም ካልፈለገ ጭራሮውን ከሁሉም ፊት ያጋድም። ቀበሮ በተሾመ ጊዜ ያጣነው ይህቺን ጭራሮ ነው።»

«አቆጣጠሩስ?» አለ በሬ።

«መጀመሪያ ይሁንታው ይቆጠር። እኛ 21 ነን፤ ከግማሽ በላይ ማለት 11 ነው። 11 ይሁንታ የሞላለት አንድ ብቻ ከሆነ እርሱ ይሾም፤ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ሁለት ወይም ሦስት ከሞላላቸው ግን ሁሉም ብዙኃኑ የፈቀዱላቸው ናቸውና፣ ከእነርሱ መካከል ማን ይሻላል ብለን ተርታውን እንይ። ሁለት ሁለት እያደረግን እናስተያያቸው፤ ሌሎቹን የረታ ይሾም። አንዱ ሌላውን፣ ሌላው ሦስተኛውን፣ ሦስተኛው ደግሞ ፊተኛውን እየረታ ነገሩ ዙሪያ ጥምጥም ከሆነ፣ ከእነዚያ መካከል ይሁንታ የበዛለት ይሾም። ማንም 11 ካልሞላለት ሹመት የለም፤ ሌላ እጩ ይቅረብና እንደገና እንምረጥ።»

መስቀል ደረሰ። ከምርጫው በፊት በነበረው ሌሊት አያ ቀበሮ እግሩን አልሰበሰበም። ወደ ጋማ ከብቱ ሄዶ፣ «ጭራሮአችሁን ከነጩ ድንጋይ ሥር ለጥፉ፤ ለበሬ ይሁንታ ከሰጣችሁ በሬ ይቀድማችኋል» አለ። ወደ ቀንድ ከብቱም ሄዶ ይህንኑ ስለ ፈረስ ነገራቸው። ማለዳ ላይ ሁለቱም ወገኖች እየተጠራጠሩ ወደ አህዪት መጡ።

አህዪት አልተቆጣችም፤ ቆጠረችላቸው። «ሁላችሁም እንዳላችሁ ብታደርጉ ለፈረስ 7 ይሁንታ፣ ለበሬ 6 ይሁንታ ይሆናል። 8ቱ ለጅብም ለዔሊም ይሁንታ ይሰጣሉ። ማንም 11 አይሞላም። ውኃው ያለ አባት ይቀራል። ውኃ ያለ አባት ሲቀር የሚገዛው ማን እንደሆነ አያ ቀበሮ ያውቃል። እኔ ጭራሮአችሁን የት እንደምታጋድሙ አልነግራችሁም። ቀበሮም አይንገራችሁ። ራሳችሁን ጠይቁ፤ ይህ እጩ ቢሾም ልጄን አስከትዬ ወደ ውኃው እወርዳለሁ ወይ? የምትወርዱ ከሆነ ከጭራሮው ወዲህ አድርጉት።»

ድምፁ ተሰጠ። 21 ተርታ በደረቁ ጭቃ ላይ ተዘረጋ፤ ሁሉም ወገን ሲቆጠር ያይ ዘንድ አንዱም ድንጋይ ከቦታው አልተነሣም።

8ቱ የጅብ ወገኖች ጥቁሩን አስቀድመው፣ አመድማውን አስከትለው፣ ጭራሮአቸውን አጋደሙ። ከጭራሮው ወዲያ በሬን፣ በመጨረሻም ፈረስን አኖሩ፤ በሬ ከፈረስ ይልቅ አይሮጥምና። የፈረስ 7ቱ ወገኖች ፈረስን፣ በሬን፣ ዔሊን፣ ጅብን ደረደሩ፤ ከእነርሱ 4ቱ ጭራሮውን ከዔሊ በኋላ፣ 3ቱ ከበሬ በኋላ አጋደሙ። የበሬ 6ቱ ወገኖች በሬን፣ ፈረስን፣ ዔሊን፣ ጅብን ደረደሩ፤ 2ቱ ከዔሊ በኋላ፣ 4ቱ ከፈረስ በኋላ አጋደሙ።

ይሁንታው ተቆጠረ። ጅብ 8፤ 11 አልሞላም፣ ወጣ። ፈረስ 13፣ በሬ 13፣ ዔሊ 14፤ ሦስቱም አለፉ። አሁን ተርታው ታየ። ፈረስ ዔሊን 13 ለ8 ረታ። በሬም ዔሊን 13 ለ8 ረታ። በመጨረሻ በሬና ፈረስ ተስተያዩ፤ በሬ 14 ለ7 ረታ። በመጀመሪያው ዓመት ከሁሉ ያነሰ ጠጠር ያገኘው በሬ የለገዳዲ የውኃ አባት ሆነ።

ፈረስ መሬቱን በኮቴው ደበደበ። «በራሳችን ወገን እኔ እበልጠው ነበር» አለ። «ያሾሙት የጅብ ወገኖች ናቸው። የእነርሱ ድምፅ በእኛ መካከል ዳኛ ይሆናል?»

«ልጄ፣ በውኃው አብረውን ይጠጡ የለም?» አለች አህዪት። «የመረጡት ወደቀባቸው። ሁለተኛ ይሁን ያሉት ወደቀባቸው። ከዚያ በኋላ ከማይፈልጓቸው ሁለት እጩዎች የትኛው እንደሚሻላቸው ተናገሩ፤ ተቆጠረላቸው። የተሸነፈ ወገን ድምፁ እስከ መጨረሻው ከተቆጠረለት ነገ ተመልሶ ወደ ሸንጎ ይመጣል። ድምፁ ከተጣለበት ግን የሚመጣው በሌሊት ነው። አንተስ ምን ጎደለብህ? ያንተ 7 ወገኖች ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ለበሬ ይሁንልኝ ብለዋል። በጅብ ዘመን እንዲህ ማለት የሚችል አልነበረም።»

ፈረስ ዝም አለ። ከዚያ ሄዶ ከበሬ ጎን ቆመ።

በሬ ውኃውን በተራ አካፈለ። ዋናውን ዳገት ግልገል ለሚያስከትሉ ለቀቀ። ጅብ እንዳይጠጣ አልከለከለውም፤ ተራውን ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ አደረገለት፤ በዚያ ሰዓትም ሌላ ማንም እንዳይወርድ ደነገገ። ፈረስን የዳር ጠባቂ አድርጎ ሾመው፤ ጠብ በተነሣበት ሁሉ ፈጥኖ የሚደርስ እርሱ ነበርና። በዚያ በጋ በለገዳዲ ዳር አንድም ጠቦት አልጠፋም።

ተረቱ እዚህ ያበቃል፤ ጉዳዩ ግን አያበቃም።

አህዪት የተናገረችው ሥርዓት በሰው ዘንድም ስም አለው። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ ስቲቨን ብራምስና ቱርካዊው ምሁር ሬምዚ ሳንቨር በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተርታንና ይሁንታን በአንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የሚያጣምር ዘዴ አቅርበዋል። ብራምስ ከዚያ ቀደም፣ በ1978 እ.ኤ.አ.፣ ከሌላው ምሁር ከፒተር ፊሽበርን ጋር ሆነው ስለ ይሁንታ ምርጫ ለብቻው ጥናት አሳትመው ነበር። የብራምስና የሳንቨር ሥርዓት ከአህዪት የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ማንም ከግማሽ በላይ ይሁንታ ካላገኘ እነርሱ ይሁንታ ለበዛለት ይሰጣሉ፤ አህዪት ግን ሌላ እጩ ይቅረብ ትላለች። እኔ የአህዪትን እመርጣለሁ፤ ብዙኃኑ ያልፈቀዱለት ዳኛ ፍርዱ ቢቃና እንኳ አይታመንምና።

በአገራችን፣ በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 መሠረት፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚሆነው በምርጫ ክልሉ ከተወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ነው። ግማሹን መሙላት ግዴታው አይደለም። መራጩም የሚያኖረው አንድ ምልክት ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ጠጠር ማለት ነው። የዚህ ሥርዓት በጎነቱ ቀላልነቱ ነው፤ ማንም ይቆጥረዋል፤ ማንም ይረዳዋል። ነገር ግን ብዙ እጩ በቀረበበት ቦታ፣ አብዛኛው የማይፈልገው ሰው ድምፅ በመከፋፈሉ ብቻ ሊያልፍ ይችላል። ተቀራራቢ ሐሳብ ያላቸውም እንደ ፈረስና በሬ፣ ከሚፈሩት ይልቅ እርስ በርስ እንዲጣሉ ይገፋፋቸዋል።

ሕገ መንግሥት በአንድ ቀን አይሻሻልም፤ መሻሻልም ካለበት በሰፊው ተመክሮበት ነው። የምርጫ ባህል ግን ከምክር ቤት አይጀምርም። ከእድር ይጀምራል፤ ከሰበካ ጉባኤ፣ ከሠራተኛ ማኅበር፣ ከወላጅ ኮሚቴ፣ ከኮንዶሚኒየም ማኅበር ይጀምራል። በሰበታም በሱሉልታም፣ በቡራዩም በለገዳዲም እነዚህ ሁሉ አሉ፤ ሰብሳቢም ይመርጣሉ። እዚያ ምርጫው ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው እጅ በማውጣት ነው። እጁን ያወጣው ይቆጠራል፤ ያላወጣው ምን እንደሚያስብ የሚጠይቀው የለም። ከምርጫው በኋላ ደግሞ «እኛ አልመረጥነውም» የሚለው ማጉረምረም ዓመቱን ሙሉ ይዘልቃል።

ስለዚህ ለእናንተ አንባቢዎቼ ልመናዬ ይህ ነው። በሚቀጥለው የእድራችሁ ምርጫ ለየአባሉ አንድ ቁራጭ ወረቀት ስጡ። የእጩዎቹን ስም በሚያስቀድመው ቅደም ተከተል ይጻፍ፤ ይሁንልኝ ከሚለው የመጨረሻ ስም ሥር አንድ መስመር ያስምር። ማንበብ የማይችል ካለ የሚያምነው ሰው ይጻፍለት። ቆጠራው በሁሉም ፊት ይሁን። የመጀመሪያው ጊዜ ይረዝማል፤ ሁለተኛው ያጥራል። የሚመረጠው ሰብሳቢም ስንቶች እንዳስቀደሙት ብቻ ሳይሆን ስንቶች እንደፈቀዱለት አውቆ ሥራውን ይጀምራል።